የ1981 የ12ኛ ክፍል ባች ነን፤ ቲሸርቱ ላይ የቱን ቀን እናሳትም?

ከመንደራ

ጤና ይስጥልኝ የጅማ ልጆች። ጥያቄዬ ቀላል ይመስላል፤ ግን የቴሌግራም ግሩፓችንን ሊበትነው ምንም አልቀረው።

በ1981 ዓ.ም. ጅማ 12ኛ ክፍል የጨረስን ልጆች ልንገናኝ ነው። ከአሜሪካ የሚመጣ አለ፣ ከሐዋሳ የሚመጣ አለ፣ ከሂርማታ በእግሩ የሚመጣም አለ። ቲሸርት እናሳትም ተባለ። እሺ። ደረቱ ላይ የተመረቅንበት ቀን ይጻፍ ተባለ። ጠቡ እዚህ ላይ ተነሳ። አታሚው ጽሑፉን እስከ ዓርብ ላኩልኝ ብሎናል። እኛ ደግሞ ቀኑ የቱ እንደሆነ አልተስማማንም።

ለዛሬ ልጆች ነገሩ ግር ሊላችሁ ይችላል። አሁን ኬጂ የጨረሰ ሁሉ ጋዋን ለብሶ፣ ቆብ ደፍቶ፣ ኬክ ፊት ቆሞ ፎቶ ይነሳል። (የእህቴ የልጅ ልጅ አምና ስትመረቅ አበባ ይዤ ሄጃለሁ፤ ስለዚህ አልወቅስም።) በእኛ ጊዜ 12ኛ ክፍል ሲያልቅ ጋዋን የለ፣ መድረክ የለ፣ ስም የሚጠራ የለ። ማትሪክ ትፈተናለህ፣ እርሳስህን ኪስህ ትከታለህ፣ ትወጣለህ። በቃ። እናም አሁን ሦስት ቦታ ተከፍለናል።

አንዱ ወገን የመጨረሻውን ፈተና የጨረስንበት ቀን ይላል። ሌላው ውጤት የመጣበት ቀን ይላል። እነዚህ ጥሩ ነጥብ ያመጡት ናቸው፤ ይገባኛል። እኔ ያለሁበት ወገን ደግሞ ሰኔ 17 ይላል።

ሰኔ 17 ቅዳሜ ነበር። እርስ በርስ አዋጥተን በአንድ ክፍል ውስጥ የመሰነባበቻ ፓርቲ አዘጋጀን። ዴስኮቹን ወደ ግድግዳው ገፋናቸው። ዳቦ ተገዛ። ለስላሳ እንደ ልብ የማይገኝበት ጊዜ ስለነበር የአንዷ አባት በስንት ልመና ሁለት ሳጥን አስመጡልን፤ አንድ ጠርሙስ ለሁለት ደረሰን። ቴፕ የመጣው ከሰው ቤት ነው። የባትሪ ድንጋዩ ስለደከመ ዘፋኙ ሁሉ የታመመ ይመስል ነበር። ወንዶቹ ድንጋዩን እያወጡ ይነክሱታል፣ መልሰው ይከቱታል፣ ዘፈኑ ትንሽ ይድናል፣ ደግሞ ይታመማል።

ከዚያ ከፈረንጅ አራዳ ፎቶ አንሺ መጣ። ዝናቡ ዶፍ ነበር፤ ጋብ እስኪል ኮሪደር ላይ ጠበቅን። የፊተኛው ረድፍ የተቀመጠው ከሰፈር በተለመነ በርጩማ ላይ ነው። ያው የእኛው ባለ ሦስት እግር። እኔ የእህቴን ጫማ አድርጌያለሁ። ይሰፋኝ ስለነበር ጫፉ ላይ የደብተር ወረቀት ጠቅጥቄበታለሁ። ፎቶው ላይ እግሬ አይታይም፤ ከበርጩማው ኋላ ደብቄዋለሁ። ጀርባው ላይ በሰማያዊ ቢክ «ሰኔ 17/1981፣ ጅማ፣ የማይረሳ ቀን» ተብሎ ተጽፏል። ቀን የተጻፈበት ማስረጃ ያለው የእኛ ወገን ብቻ ነው ብዬ ስከራከር ነበር።

ግሩፑ ውስጥ አንዱ ግን «ፎቶው ላይ ያለነው ስንት ነን? ክፍሉስ ስንት ነበር?» ብሎ ጠየቀ። ቆጠርን። ሴቶቹ ከሞላ ጎደል አለን። ከወንዶቹ ወደ ግማሽ የሚጠጋው የለም። እስከ ዛሬ ልብ አላልኩትም ነበር። ፎቶውን ከሥር አያይዤዋለሁ። እናንተ ብትሆኑ የቱን ቀን ታሳትሙ ነበር?

የድሮ ፊዚክስ

ልጆቼ፣ እኔ በዚያ ዓመት ጅማ ውስጥ ፊዚክስ አስተምር ነበር። የትኛው ትምህርት ቤት እንደሆነ ልለፈው፤ ብትለዩኝ የሰጣችሁኝን ቅጽል ስም እዚህ ትጽፉታላችሁ።

የእኔ ድምፅ ለመጨረሻው የፈተና ቀን ነው። ምክንያቴን ላስረዳ። በ1993 የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና መጥቶ ነገሩ ስለተለወጠ (እሱም ኋላ ቀርቷል) የዛሬ ወጣቶች ማትሪክ ምን እንደነበር አያውቁም። የ12 ዓመት ትምህርት በጥቂት ቀናት ፈተና ይመዘናል። የአምስት ትምህርት ውጤት ተደምሮ ለአምስት ይካፈላል፤ ሙሉው 4 ነጥብ ነው። ዓመቱን ሙሉ አንደኛ የወጣ ልጅ ያን ቀን ራሱን ካመመው አለቀ። ወጥቶ የማያውቅ ደግሞ ብድግ ብሎ 3 ነጥብ ከምናምን ያመጣል። አይቻለሁ። ተናድጃለሁም።

ፈተናው ክፍል ውስጥ ስትቀመጡ ከሩቅ አይ ነበር። ለአንድ ዴስክ አንድ ሰው። ፎቶ የተለጠፈበት አድሚሽን ካርድ በዴስኩ ጥግ። ቀበጡም፣ ጨዋውም፣ ሁልጊዜ የሚያረፍደውም ያን ቀን በሰዓቱ መጥቷል። የመጨረሻው ደወል ሲደወል ይጮሃሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ማንም አልጮኸም። ግቢው ውስጥ ቆማችሁ ወዴት እንደምትሄዱ የጠፋባችሁ መሰላችሁ። አንዱ «ሦስተኛው ጥያቄ መልሱ ሲ ነው አይደል?» ሲል ሌላው ሁለት ጆሮውን ይዞ ሮጠ።

ውጤት የመጣበት ቀን የጥቂቶች በዓል ነው። ፎቶው አዋጥቶ የመጣ ሰው በዓል ነው። ፈተናው ላይ ግን የስም ዝርዝሩ ሙሉ ነበር። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ በስም ዝርዝር አምናለሁ።

አጋሮ ዛፍ ሥር

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ጽሑፍ ዘመዴ ነው የላከልኝ። ቴሌግራሙ ውስጥ የለሁም።

እኔ የ81 ባች ነኝ። ፎቶው ላይ ግን የለሁም። አሁን በስልክ አጉልቼ አየሁት፤ ብዙዎቻችሁን ለየሁ። ሰኔ 17 ምን ስሠራ እንደዋልኩ በደንብ አውቃለሁ፤ በሰኔ እኛ ዘንድ ሥራው አንድ ነውና። አጋሮ አጠገብ፣ አያቴ ማሳ ውስጥ፣ የቡና ችግኝ ስተክል ነው የዋልኩት።

ያ ዓመት እንዴት እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። የካቲት ላይ ሠራዊቱ ሽሬ ላይ ተሸነፈ። ግንቦት 8 መፈንቅለ መንግሥት ተሞከረ። ወንድ ልጅ ያለው ቤት እንቅልፍ አልነበረውም። የብሔራዊ ውትድርናው ሕግ ከ18 እስከ 30 ዓመት ይላል፤ ስድስት ወር ሥልጠና፣ ሁለት ዓመት አገልግሎት። ወረቀቱ ነው እንዲህ የሚለው። የሄደው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ ግን አልነበረም። እኔ 18 ሞልቶኛል። ቁመቴ ደግሞ ከዚያም በላይ ያስመስለኛል። ፈተናው ሲቃረብ አጎቴ አንድ ማታ መጥቶ አባቴን በጆሮው አንሾካሾከለት። አባቴ ብዙ አላወራም። «ፈተናህን ጨርስ። ከዚያ በኋላ እዚህ ቤት አታድርም» አለኝ።

የመጨረሻውን ወረቀት ሰጥቼ ስወጣ አጎቴ በሩ ላይ ቆሟል። ጓደኞቼን አልተሰናበትኩም። ብናገር እነሱም ይጨነቃሉ፣ ወሬም ይወጣል። «ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ» ብያቸው ሄድኩ። ከዚያ በኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ፣ ከባዶ ጆንያ ሥር ተኝቼ አጋሮ ገባሁ። ዩኒፎርሜን እንኳ አላወለቅኩም። ከስንትና ስንት ዓመት በኋላ አንዱ የክፍሌ ልጅ አጋሮ ገበያ ላይ አገኘኝና ገና ሰላም ሳይለኝ «ከሽንት ቤት አሁን መምጣትህ ነው?» አለኝ። እዚያው ተቃቅፈን ሳቅን። እሱ ራሱ ከውትድርናው እያነከሰ ነው የተመለሰው።

ውጤቴን እህቴ ጠይቃልኝ ነበር። ለኮሌጅ የሚያበቃ ነው። ግን ራሴ ቀርቤ መፈረም ነበረብኝ። ማን ይቀርባል? በ1983 መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ሄጄ ወረቀቴን ወሰድኩ። ጊዜው ግን አልፏል፤ እኔም ቡናው ውስጥ ገብቻለሁ። ክፉ ኑሮ አልኖርኩም፤ እንዳታዝኑልኝ። ያኔ የተከልኳቸው ቡናዎች ዛሬም አሉ። ሲያረጁ ከሥር እጎነድላቸዋለሁ፣ ያቆጠቁጣሉ፣ መልሰው ያፈራሉ።

እህቴ፣ ሰኔ 17 ብላችሁ ብታሳትሙ አልቀየምም። የእናንተ ቀን ነው፤ ደስ ይበላችሁ። እኔ ግን ያን ቲሸርት ለብሼ ብቆም የሰው ልብስ የለበስኩ ይመስለኛል።

ባች 2001

ይቅርታ፣ እኔ የ2001 ነኝ፤ በታላላቆቻችን መሀል ገባሁ። እኛም ጋዋን አላየንም፤ ዩኒፎርም ላይ መፈራረም ነበር ወጉ። በፍሎማስተር ጀርባዬ ላይ ሁሉም ስሙን፣ ስልክ ቁጥሩን፣ «አትርሺኝ» ምናምን ጻፈ። ለማስታወሻ ላስቀምጠው ነበር። እናቴ በማግስቱ በኦሞ ዘፍዝፋ፣ አሽታ፣ ለታናሽ ወንድሜ አለበሰችው። ወንድሜ ሁለት ዓመት ሙሉ የእኔን ጓደኞች ስም ተሸክሞ ተማረ። አንዷ ጓደኛዬ አሁን የእሱ ሚስት ናት፤ ቁጥሯን ከየት እንዳገኘ አልጠየቅኩም።

ቁም ነገሩን ልናገር፤ ቀን ለምን አስፈለገ? ዓመቱን ብቻ ጻፉት። ዓመቱ የሁላችሁም ነው። የአጋሮው ጋሼ ደግሞ ግሩፑ ውስጥ ይግቡልን።

ሲስተር ጅማ

መንደራዬ፣ ዝም ልልሽ አልቻልኩም። አንደኛ፣ ያን ቀን ዝናብ አልነበረም። ኮሪደር ላይ የጠበቅነው ፎቶ አንሺው አርፍዶ ነው። ፎቶውን ደህና አድርገሽ እይው፤ መሬቱ ደረቅ ነው፣ ጥላ ሁሉ አለ። ሁለተኛ፣ ጫማው የእህትሽ አይደለም። የእኔ ነው! ቡኒ፣ ጎኑ ላይ ዘለበት ያለው። እስካሁን አልመለስሽልኝም።

እኔ እነሆ ከጅማ ሳልወጣ አረጀሁ። የእኔ ታሪክ ከሁላችሁም ይለያል። ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ደረሰኝ፤ ያው በ1992 ከግብርና ኮሌጁ ጋር ተጣምሮ ዩኒቨርሲቲ የሆነው። እናንተ አዲስ አበባ፣ ዓለማያ፣ አስመራ ስትመደቡ መናኸሪያ የምሸኛችሁ እኔ ነበርኩ። ገና ሳይነጋ፣ በብርድ። እናቶች ዳቦ ቆሎውን በመስኮት ያቀብላሉ፣ ረዳቱ ይጮሃል፣ አውቶቡሱ 350 ኪሎ ሜትሩን ሊያያዘው ይነሳል። «ጊቤን ስትወርዱ ሙቀቱን ቻሉት» እያልኩ እመክር ነበር፤ እኔ ራሴ ጊቤን አይቼ አላውቅም!

ሁሉም ሄዶ ሲያበቃ ደብተሬን ይዤ በእግሬ ክፍል መሄድ ጀመርኩ። ጎረቤቶች ሲያዩኝ ከንፈራቸውን ይመጡልኛል። ያላለፍኩ መስሏቸው ነው። አንዷ እትዬ «አይዞሽ ልጄ፣ በሚቀጥለው ዓመት ትደግሚዋለሽ» ብለው ዕንቁላል ሰጡኝ። አልፌያለሁ ብል ሰሚ የለም፤ ያለፈ ሰው ሻንጣ ይይዛል፣ እኔ ሻንጣ የለኝም። ነጩን ጋዋን ለብሼ እስኪያዩኝ ድረስ እንደወደቅሁ ነበር የምቆጠረው። እንግዲህ ከመካከላችን ጋዋን ለብሶ ሰፈር የታየ ሰው ከተባለ እኔ ነኝ።

ስለ ቲሸርቱ የ2001ዋ ልጅ ያለችው ልክ ነው። 1981 ብላችሁ ተዉት። ሥራ የሚፈልገው መቼ እንደምንገናኝ ነው። ግሩፑ ላይ «በዚያው በሰኔ 17 እንገናኝ» የሚሉ አሉ። እናንተ ከጅማ የወጣችሁ ሰኔን ረስታችሁታል። ከሰዓት ከቤት መውጣት የለም። ደግሞ የሰኔ ጾም ነው፤ ጾሚ ሳህን፣ ፍስክ ሳህን እያልኩ መለየት አልችልም። ለነገሩ ያኔም ዳቦና ለስላሳ ብቻ የሆነው የብር እጥረት ብቻ አይደለም። የክፍላችን ግማሽ ሙስሊም፣ ግማሽ ክርስቲያን ነው፤ ሁሉም እኩል የሚበላበት ቀን ይመረጥ። ኅዳር እንዴት ነው? ሰማዩ ጥርት ይላል። ጠዋት ጅሬን ወጥተን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት እናያለን። (ስንቶቻችሁ ናችሁ ጅማ አድጋችሁ ውስጡን ያላያችሁ? እጅ አውጡ።) ከሰዓት ቦዬ ሐይቅ እንሄዳለን፤ ጉማሬ ካየን አየን። ምሳ እኔ ቤት ነው፤ ግቢው ሰፊ ነው።

አጋሮ ዛፍ ሥር

ሲስተር፣ ኅዳር አይሆንም! ለቀማ ነው። እሸቱ ዛፍ ላይ ቀልቶ፣ ለቃሚ ተቀጥሮ፣ ከነገለባው የሚደርቀው ጀንፈል አልጋ ላይ ተሰጥቶ እኔ ጅማ ሄጄ ቤተ መንግሥት ልጎብኝ? ዞር ስል ግማሹ ይሄዳል። እናንተ ደመወዝተኞች ናችሁ፤ ኅዳር ለእኔ ማትሪክ ነው።

የድሮ ፊዚክስ

ጥር አድርጉት። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ባለው ቅዳሜ። ሠርግ ያለበት ሰው ይኖራል፤ ግን ሠርግ የሌለበት ጥር የለም። አስተማሪ ይጋበዛል ወይስ የባች ብቻ ነው? ለመጠየቅ ያህል ነው።

ከመንደራ

ቲቸር፣ ይጋበዛሉ እንጂ! ቅጽል ስምዎን ደግሞ ከአጻጻፍዎ ለይቻለሁ፤ «በስም ዝርዝር አምናለሁ» ሲሉ አለቀ። አልጽፈውም፤ አይስጉ።

ግሩፑ ላይ አነበብኩላቸው። የውጤት ወገኖች ትንሽ አጉረመረሙ፤ ግን የአጋሮውን ጽሑፍ ካነበቡ በኋላ ዝም አሉ። ደረቱ ላይ «ጅማ 1981» ይጻፋል። ሌላ ምንም የለበትም። አንዱ ጀርባው ላይ የሁላችንም ስም ይሁን አለ፤ ፎቶው ላይ ያለውም፣ የሌለውም፣ በሕይወት የሌሉትም ጭምር። ይህ ለአታሚው ዋጋ ይጨምራል፤ ቢሆንም ተስማምተናል። ስም ዝርዝሩን ቲቸር ካስቀሩት ይላኩልን። ከሌለዎት በትዝታ እንሞላዋለን፤ እየተጨቃጨቅን።

ቀኑ የጥሩ ሆኗል። ሲስተርዬ፣ በዝናቡ ልረታልሽ እችላለሁ፤ ፎቶው ላይ ጥላ አለ። ጫማው ግን የእህቴ ነው። እሷም አብራኝ ትመጣለች፤ ፊት ለፊት ትጠይቂያታለሽ። የአጋሮው ወንድሜ፣ ስልክህን በውስጥ መስመር ላክልኝ። የቲሸርት ልክህንም አብረህ ጻፍ፤ ሁላችንም ያኔ ከነበርንበት ሁለት ቁጥር ጨምረናል፣ አትፈር።

አጋሮ ዛፍ ሥር

ልኬያለሁ። በጥር ሥራው ስለሚቀልል እመጣለሁ። ያ ከሽንት ቤት ተመለስክ ያለኝም አብሮኝ ይመጣል፤ መኪናው ላይ ቦታ አለ። ቡናውን እኔ ነኝ የማመጣው፤ ሲስተር እንዳትገዢ። ከአዲስ አበባ የምትመጡት ደግሞ የተፈጨ ቡና በፌስታል ይዛችሁ እንዳትመጡ። ጅማ ነው የምትመጡት፤ ነውር ነው።